ቦይ ሲጠብ ውሃ ይፈጥናል፤ መኪናስ ለምን ይቆማል?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ አዳማ ውስጥ የሚኒባስ አሽከርካሪ ነኝ። በነባሩ መንገድ ወደ ሞጆ ስንሄድ ከተሳቢዎች ኋላ ተሰልፈን እንቆማለን፤ ወደ ፊት ስንደርስ ግን አደጋም ብልሽትም አናይም። ልጄ መሐንዲሶች የመኪናን ጉዞ እንደ ውሃ ፍሰት ያሰሉታል ይለኛል። ውሃ ግን ቦዩ ሲጠብ ይፈጥናል እንጂ እንደኛ አይቆምም። ታዲያ ምኑ ከምኑ ይመሳሰላል?

መልስ፦ ልጅዎም እርስዎም ልክ ናችሁ። መመሳሰሉ ያለው በቆጠራው ላይ ነው፤ ወደ አንድ የመንገድ ክፍል የገባ መኪና ወይ ይወጣል፣ ወይ እዚያው ይቆያል እንጂ እንደ ውሃው ሁሉ መሃል ላይ አይጠፋም። የሒሳብ ሊቃውንቱ ጄምስ ላይትሂልና ጄራልድ ዊታም በ1955 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.)፣ ፖል ሪቻርድስ ደግሞ በዓመቱ ለብቻው፣ በዚህ ላይ መኪኖች በተጠጋጉ ቁጥር ፍጥነታቸው ይቀንሳል የሚለውን ሐሳብ ጨምረው ቀመር አበጁ።

ለምሳሌ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ 20 መኪኖች በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢጓዙ በሰዓት 1,200 መኪና ያልፋል። አንድ ተሳቢ ዳገት ላይ ዝግ ብሎ ከኋላው በየኪሎ ሜትሩ 100 መኪና ቢታጨቅና ሰልፉ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ቢያዘግም ግን የሚያልፈው 600 ብቻ ነው። የተረፈው 600 መኪና በየኪሎ ሜትሩ 80 እየተጨመረ ስለሚደረደር፣ የሰልፉ ጅራት በሰዓት 7.5 ኪሎ ሜትር ወደ አዳማ ይመለሳል። ተሳቢው መንገድ ለቆ ቢወጣም ይህ እንደ ሞገድ ወደ ኋላ የሚጓዝ መጨናነቅ ወዲያው አይከስምም፤ እርስዎ የሚያገኙት ሞገዱን ነው፣ ተሳቢው ግን ሄዷል።

እንዲያውም ተሳቢ ባይኖርም ሞገዱ ሊነሣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ በታተመ የጃፓን ሙከራ 22 መኪኖች ዙሪያው 230 ሜትር በሆነ ክብ መንገድ ላይ እኩል ፍጥነት ጠብቀው እንዲነዱ ቢታዘዙም፣ ምንም እንቅፋት ሳይኖር ጥቂት ቆይቶ ቆም ሄድ ማለት ጀመሩ።

ልዩነቱ ግፊቱ ላይ ነው። ውሃ እምብዛም ስለማይታመቅና ከኋላ ስለሚገፋ በጠባቡ ቦታ ፈጥኖ ያልፋል፤ አሽከርካሪ ግን የሚያየው ፊቱን ነው፤ ከኋላ የሚነፋ ጥሩንባም (አሽከርካሪዎቻችን ባይስማሙም) ግፊት አይሆንም። ይህን ልዩነት የዘነጉ አንዳንድ ቀመሮች በስሌቱ መኪናን የኋሊት እስከ ማስኬድ እንደሚደርሱ የትራፊክ ተመራማሪው ካርሎስ ዳጋንዞ እ.ኤ.አ. በ1995 አሳይቷል።