የተማሪዎችን ምሳ ከአካባቢው ገበሬ ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ የክፍያውን ነገር ጨርሱ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። በትምህርት ቤታችሁ የምሳ ምገባ ልትጀምሩ ነው። እህሉንና አትክልቱን ከአካባቢው ገበሬዎች መግዛት ፈልጋችኋል። ልጆቹ ግን የአካባቢውን ምግብ «የድሮ ሰው ምግብ» እያሉ አይበሉትም። «ከየት እንጀምር?» ብለሻል።

እኔ የምገባ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኜ በዚሁ መንገድ አልፌበታለሁ። የእናንተም ሁኔታ ከኛ የሚለይ አይመስለኝም። ስለ ወጥ ቤት ግንባታ፣ ስለ እጅ መታጠቢያ፣ ስለ ምግብ አብሳዮቹ የጤና ምርመራ አላወራም። እሱን ማንም ይነግርሻል። እኔ ደጋግሞ ያቃጠለኝን ልንገርሽ።

1. የምግብ ዝርዝር ከማውጣታችሁ በፊት ሰብሉ መቼ እንደሚደርስ እወቁ። ብዙ ኮሚቴ መጀመሪያ የሳምንቱን ምግብ ይጽፋል፤ ከዚያ እህል ፍለጋ ይወጣል። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው። ከገበሬዎቹ ጋር ተቀመጡ። የቱ ሰብል በየትኛው ወር ይደርሳል? የቱ በየትኛው ወር ከገበያ ይጠፋል? ይህንን ወረቀት ላይ አስፍሩና ከትምህርት ጊዜው ጋር አስተያዩት። ምርቱ የሚደርሰው ልጆቹ እረፍት ላይ ሲሆኑ ከሆነ ማከማቻ ያስፈልጋችኋል። አትክልቱን ደግሞ በስም አትጻፉት። «ማክሰኞ ጎመን» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ጎመን በጠፋበት ወር ከሩቅ ልታስመጡ ነው። «ማክሰኞ ቅጠላ ቅጠል» በሉት። የደረሰውን ትገዛላችሁ።

2. እህል ስትረከቡ እርጥበቱን ሳታዩ አትፈርሙ። መለኪያ መሣሪያ የለንም እንዳትይኝ፤ ጠርሙስና ጨው ይበቃል። በደረቀ ጠርሙስ ውስጥ ከእህሉ ጨምሩ። በደንብ የደረቀ ጨው ጣል አድርጉበት። ግጠሙትና ነቅንቁት፤ ከዚያ ትንሽ ይቀመጥ። ጨው ከጠርሙሱ ጎን ላይ ከተጣበቀ የእህሉ እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ነው። መልሱት፤ ደርቆ ይምጣ። እርጥብ እህል በመጋዘን ይሻግታል። በተለይ በቆሎና ለውዝ ላይ የሚወጣው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመጣል። ይህ መርዝ በማብሰል አይጠፋም። ልጅን እያበላን ስለሆነ «ትንሽ ነው፣ ይቀላቀል» የሚል ሰው ኮሚቴው ውስጥ እንዳይኖር።

ዘይቱ የሚመጣበትን ጀሪካንም እዩ። እ.ኤ.አ. በ2013 ህንድ ውስጥ፣ ቢሃር በሚባለው ግዛት፣ 23 ልጆች የትምህርት ቤት ምሳ በልተው ሞተዋል። ምግቡ በተባይ ማጥፊያ ተበክሎ ነበር። እኛ ጋ ከተባይ መድኃኒት አጠገብ የተቀመጠ፣ ቀድሞ ምን እንደነበረበት የማይታወቅ ዕቃ በር ላይ ይመለሳል። ጥበቃው ሳይቀር ይህን ያውቃል።

3. ግዢውን ከፋፍሉት። የበላይ የሆነው መሥሪያ ቤት መጀመሪያ ያወጣው ጨረታ አንድ አቅራቢ የመንፈቁን ሁሉ ጠቅልሎ እንዲያቀርብ የሚጠይቅ ነበር። የባንክ ዋስትና ይጠይቃል። የራስ መኪና ይጠይቃል። የትኛው ገበሬ ነው ይህንን የሚያሟላው? ስብሰባው ላይ ተቃወምኩ። ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል። ማንም አልሰማኝም።

ጨረታውን አንድ ትልቅ ነጋዴ ወሰደው። ያመጣልን ቦሎቄ ላዩ ሲታይ ንጹህ ነው። ሌሊቱን ተዘፍዝፎ፣ ገና በማለዳ ተጥዶ፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ አልበሰለም። ቦሎቄ ሙቀትና እርጥበት ባለበት መጋዘን ብዙ ከከረመ እንዲህ ይሆናል፤ የፈለግሽውን ያህል ብትቀቅይው አይለሰልስም። ያልበሰለ ቦሎቄ ደግሞ ሆድ ያሳምማል፤ ለልጅ አይሰጥም። ማገዶው አለቀ። አብሳዮቹ እናቶች አለቀሱ። ልጆቹ ያን ቀን ዳቦ ብቻ በልተው ገቡ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ያሉት ገበሬዎች አዲስ ቦሎቄ ወቅተው ገዢ ይፈልጋሉ።

ከዚያ በኋላ የብራዚልን ሕግ ይዤ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ለተማሪዎች ምግብ ከሚልከው ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከአነስተኛ የቤተሰብ እርሻዎች ግዢ ላይ እንዲውል እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ ያዝዝ ነበር፤ ከዚያ ድርሻው ከፍ ብሏል። ገበሬው ከትልቅ ነጋዴ ጋር በተራ ጨረታ እንዲፎካከርም አይገደድም። «እኛ ብራዚል አይደለንም» አሉኝ። የመለስኩላቸው ያልበሰለውን ቦሎቄ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ነው። በመጨረሻ ጥራጥሬውንና አትክልቱን ለብቻ፣ በትንሽ በትንሹ እንድንገዛ ፈቀዱ። ይህን ፈቃድ በማምጣቴ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

4. ክፍያ። እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህንን እንዳትረሺ። የኛን ምገባ ሊያፈርሰው የነበረው የምግብ እጥረት አይደለም። የገንዘብ እጥረትም አይደለም። ገንዘቡ ሒሳብ ውስጥ ተቀምጦ አለመከፈሉ ነው።

ገበሬዎቹ የመጀመሪያውን ዙር በሰዓቱ አመጡ። ጥራቱ የሚያስደስት ነበር። ከዚያ ገንዘባቸውን ሊቀበሉ ወደ ፋይናንስ ክፍል ሲሄዱ ዛሬ ደረሰኝ ጎደለ፤ ነገ የግብር ከፋይ ቁጥር ጎደለ፤ ከዚያ ወዲያ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው። እያንዳንዱ መመላለስ ለገበሬ የአንድ ቀን ሥራ ነው። አብሬያቸው ሄጄ ስጠይቅ ባለሙያው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ገበሬ እኮ መጠበቅ ያውቅበታል» አለኝ። ይህን ቃል አልረሳውም። ዱባ ያመጣችልን እናት ከኋላዬ ቆማ ትሰማለች።

እሷ በሚቀጥለው ዙር ዱባዋን ለነጋዴ ሸጠችው። ከኛ ባነሰ ዋጋ! ነጋዴው ግን እጅ በእጅ ይከፍላል። ማን ይፈርድባታል? እሷን አይተው ሌሎቹም ሄዱ። የቀሩት ከግማሽ በታች ነበሩ። ያኔ መሥሪያ ቤቱ «አላልናችሁም? ገበሬ አይታመንም» ብሎ ደብዳቤ ጻፈልን። ውል አፍራሹ ራሱ ሆኖ ሳለ!

እንዴት እንደተወጣነው ልንገርሽ። ገበሬዎቹ በማኅበር ተደራጁ፤ ለሁሉም አንድ ደረሰኝ ማኅበሩ ይቆርጣል። የግብር ቁጥር ጣጣው በዚህ አለቀ። ርክክቡ በሦስት ቅጂ እዚያው በሚዛኑ አጠገብ ይፈረማል። አንዱ ቅጂ ለገበሬው ነው፤ «ወረቀቱ ጠፋ» የሚል ሰበብ የለም። ውሉ ላይ የክፍያ ቀን በግልጽ ተጻፈ። ከዚያ ቀን ካለፈ ለማን አቤት እንደሚባልም ተጻፈ። ለዘርና ለጆንያ የሚሆን የተወሰነ ቅድሚያ ክፍያም አስፈቀድን። ፋይናንስ ክፍሉ ውሉ ሲፈረም በአካል እንዲገኝ አደረግን። ከሁሉም በላይ የሠራው ይሄ ነው። የፈረመ ሰው በኋላ «አላውቅም» ማለት ይከብደዋል።

የዱባዋ እናት ተመልሳለች። አሁን የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ናት።

ልጆቹ አይበሉም ያልሽው ነገር ከዚህ ሁሉ ይቀላል። ፖስተር አትለጥፉ፤ «ይህ ለጤና ጥሩ ነው» እያላችሁም አትስበኩ። ልጅ በስብከት አይበላም። መምህራኑ ከዚያው ድስት፣ ከልጆቹ ጋር ተቀምጠው ይብሉ። መምህሩ ሌላ ምሳ አስመጥቶ እየበላ ልጁን «ብላ» ቢለው ማን ይሰማዋል? ጃፓኖች ገና እ.ኤ.አ. በ1954 የትምህርት ቤት ምሳ ሕግ አውጥተዋል። እዚያ ልጆቹ ራሳቸው ሽርጥ ለብሰው ለጓደኞቻቸው ያቀርባሉ፤ መምህሩም ከእነሱ ጋር ክፍል ውስጥ ይበላል። እኛም ማቅረቡን በየተራ ለልጆቹ ሰጠናቸው። የተረፈው ምግብ ሲቀንስ በዓይናችን አየን።

አዲስ ምግብ በትንሹ፣ ከሚወዱት ጋር አድርጋችሁ ስጡ። አታስገድዱ። አንድ ልጅ አዲስ ጣዕም እስኪለምድ ስምንትና አሥር ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። መጀመሪያ ቀን ተፍቶታል ብላችሁ ከዝርዝሩ አትሰርዙት። አሠራሩን ደግሞ የአካባቢውን ትልልቅ እናቶች ጠይቁ። የኛ አብሳዮች ከእነሱ ተምረው ነው ቅጠላ ቅጠሉን ያጣፈጡት።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በልጦ ሠርቶልናል። በየቀኑ በር ላይ ባለው ሰሌዳ የዕለቱ ምግብ ከየትኛው መንደር፣ ከማን ማሳ እንደመጣ እንጽፋለን። ገበሬውን መጀመሪያ እናስፈቅዳለን። የዱባዋ እናት ልጅ ስሟን ሰሌዳው ላይ ሲያይ ጓደኞቹን እየጎተተ አመጣቸው። «የእማዬ ነው!» እያለ ነበር። ያን ቀን ዱባ የተረፈበት ሰሃን አላየሁም።

ስለ ወጥ ቤቱ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። አዮዲን ያለውን ጨው ማብሰያው መጨረሻ ላይ ጨምሩ፤ ቀድሞ ከገባ አዮዲኑ ይቀንሳል። ጥራጥሬ ባለበት ቀን ከምሳው ጋር ሻይ አትስጡ፤ ሰውነት ከምግቡ የሚያገኘውን ብረት ይቀንሳል። በሻይ ፈንታ ብርቱካን ወይም ቲማቲም ካለ ብረቱ በደንብ እንዲገባ ያግዛል።

የርክክብ ቅጻችንንና የክፍያ ቀን የሚለውን የውል አንቀጽ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ። ውሉ ከመፈረሙ በፊት ግን ይሁን፤ ከተፈረመ በኋላ ማስለወጥ ምን ያህል እንደሚያደክም እኔ አውቀዋለሁ።