እግር ስለሚገትረው ቫይረስ የጠየቃችሁኝ

ሰላም ጀማው፣ እንዴት ናችሁ። ደሴ ነኝ፣ ስራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። ኤችቲኤልቪ-1 ስለሚባለው ቫይረስና ህብለ ሰረሰር ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ የመጣውን በተራ ልመልስ። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ጥያቄ (ወልድያ)፦ ኤችአይቪን ነው እንዴ በሌላ ስም የምትጠሩት?

አይ እህቴ፣ ሌላ ነው። ዘመድ ናቸው፣ ሁለቱም ሲዲ4 የሚባለውን ነጭ የደም ሴል ነው የሚይዙት፣ ግን ኤችአይቪ ሴሉን ይጨርሰዋል፣ ይሄኛው ደግሞ ሴሉ እየተከፈለ እንዲበዛ ያደርጋል። በ1980 አሜሪካ ውስጥ እነ ሮበርት ጋሎ ናቸው ያገኙት፣ ከኤችአይቪ በፊት ማለት ነው። ከእግር ሽባነት ጋር መያያዙ የታወቀው በ1985 ማርቲኒክ በምትባል የካሪቢያን ደሴት ላይ፣ በዓመቱ ደግሞ ጃፓን ነው።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ታዲያ ቫይረሱ ነርቩን ይበላዋል?

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ቫይረሱ በአብዛኛው ነርቩን አይነካውም። የተያዙት ነጭ ሴሎች ከደም ወጥተው ህብለ ሰረሰር ውስጥ ይገባሉ፣ እዛ ሆነው ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል ኬሚካል ይረጫሉ፣ ነርቩን የሚደግፉት ሴሎች ይሄን ሲያዩ ሌላ ነጭ ሴል የሚጠራ ምልክት ይልካሉ፣ የሚመጣው ደግሞ ራሱ የተያዘ ይሆንና እሱም ይረጫል፣ እንዲህ እየዞረ ለዓመታት ይቀጥላል። ሌባ ሊይዙ የገቡ ጎረቤቶች የቤቱን እቃ ሰባበሩት እንደማለት ነው፣ የሚጎዳው መሀል ላይ ያለው ነርቭ ነው። በብዛት የሚመታው የደረት አካባቢ ያለው የህብለ ሰረሰር ክፍል ስለሆነ እጅ ደህና ሆኖ እግር ይገተራል፣ ሽንት ያጣድፋል ወይ አልወጣ ይላል፣ ወገብ ያማል፣ ሆድ ይደርቃል።

አብሽሩ ግን፣ ቫይረሱ ካለባቸው 100 ሰዎች እዚህ የሚደርሱት ከ5 በታች ናቸው። አብዛኛው ሰው ሳያውቀው እድሜውን ይጨርሳል።

ጥያቄ (ደላንታ)፦ አጎቴ ሃምሳ አልፎታል፣ እግሩ ቀስ በቀስ እየተገተረ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ጓያ ሰበረው ይላል። በምን ይለያል?

ወንድሜ ሰፈሩ ጓያ ቢል አይፈረድበትም፣ ደላንታና ዳውንት በ1990ዎቹ አጋማሽ በጓያ ስንት ሰው እንደተጎዳ ሁላችንም እናውቃለን። አረማመዱም ይመሳሰላል። ሁለቱም ላይ ቁርጭምጭሚቱን ወደ ላይ ገፋ አድርጌ ስይዘው እግሩ በራሱ ይርገበገባል፣ የጫማውም አፍንጫ ከተረከዙ ቀድሞ ያልቃል፣ መሬት ስለሚጎትት። ልዩነቱ ታሪኩ ላይ ነው። ጓያ ድርቅ ሲሆን ለወራት ጓያ ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ ይመጣል፣ ወጣት ወንዶችን ያበዛል፣ በቶሎ ይይዝና ከዛ ባለበት ይቆማል፣ ሽንትንም ብዙ ጊዜ አይነካም። የቫይረሱ ቀስ እያለ በዓመታት ይብሳል፣ ሴቶችን ያበዛል፣ ሽንት ደግሞ ገና ሲጀምር ሊረበሽ ይችላል። አጎትህ ባለፉት ዓመታት ጓያ ካልበላና እየባሰበት ከሄደ ጓያ ነው ብላችሁ ቤት አታስቀምጡት። ኤችቲኤልቪም ነው እያልኩህ አይደለም፣ መጀመሪያ የአከርካሪ ቲቢ፣ የቢ12 እጥረት፣ ኤችአይቪ፣ ቦርከና ወንዝ የሚገባ ሰው ከሆነ ቢልሃርዝያም መታየት አለበት፣ ከነዚህ ብዙዎቹ መድሃኒት አላቸው።

ጥያቄ፦ በምን ይተላለፋል?

በጡት ወተት (በተለይ ረጅም ጊዜ ሲጠባ)፣ በግብረ ስጋ፣ በደም፣ በመርፌ። አብሮ በመብላት፣ ቡና በመጠጣት አይተላለፍም።

ጥያቄ (ሐይቅ)፦ የኤችአይቪ መድሃኒት ቢጀምርስ?

ዚዶቩዲንና ላሚቩዲን ተሞክረዋል፣ ለውጥ አላመጡም። ቫይረሱ የሴሉ ዘረመል (ዲኤንኤ) ውስጥ ተሰክቶ ሴሉ ሲከፈል አብሮ ነው የሚበዛው፣ መድሃኒቱ ደግሞ የሚያግደው ሌላ መንገድ ነው። ቶሎ ለሚብስበት ሰው ፕሬድኒሶሎን አይነት ስቴሮይድ ነጭ ሴሎቹ ህብለ ሰረሰሩ ላይ ያመጡትን እብጠት ያበርድለታል፣ ግን እባካችሁ ከፋርማሲ ገዝታችሁ እንዳትጀምሩ! ይሄ ቫይረስ ያለበት ሰው አንጀቱ ውስጥ ስትሮንጂሎይደስ የሚባል ትል ካለ ስቴሮይዱ ትሉን በመላ ሰውነቱ ይበትነዋል፣ ይገድላል። ሰገራ ይመርመር፣ አስፈላጊ ከሆነ አይቨርሜክቲን ይቅደም።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ምን እናድርግለት?

የባቱንና የጭኑን ጡንቻ በየቀኑ ቀስ አድርጋችሁ ዘርጉለት፣ በኃይል ከገፋችሁት የበለጠ ይገተራል። ሽንት አልወጣም ካለ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ኩላሊት እንዳይጎዳ። ባክሎፌን (የተገተረ ጡንቻ የሚያላላ መድሃኒት) የጀመረ ሰው ደግሞ አለቀብኝ ብሎ በአንዴ እንዳያቆም፣ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል፣ ሳያልቅ ግዙለት።