ደረጃ አንድ የተባለው ትምህርት ቤታችን

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከምሥራቅ ጎጃም ገጠር ነው። ሦስት ልጆቼ በሚማሩበት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት ሰብሳቢ ነኝ። በኅዳር ወር የኢንስፔክሽን ባለሙያዎች መጥተው ትምህርት ቤቱን ከመዘኑ በኋላ ደረጃ አንድ ሰጡት። እኛ አንደኛ የወጣን መስሎን ተደስተን ነበር፤ ርዕሰ መምህሩ ዝቅተኛው ደረጃ መሆኑን ሲነግሩን ግን ስብሰባው ጸጥ አለ። አሁን ገሚሱ ወላጅ ገንዘብ አዋጥተን የድንጋይ አጥር እንሥራ ይላል፤ ገሚሱ ልጆቹን ከተማ ዘመድ ዘንድ ልኮ ለማስተማር አስቧል። ትምህርት ቤቱ ይዘጋብናል ወይ? ገንዘባችንንስ በምን ላይ ብናውለው ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በቁጥሩ መደናገራችሁ የሚያሳፍር አይደለም፤ እኔም በገጠር ሱፐርቫይዘርነት ባገለገልሁባቸው ዓመታት ይህንኑ በየስብሰባው ሰምቻለሁ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የአጠቃላይ ትምህርት ኢንስፔክሽን ማዕቀፍ መሠረት ትምህርት ቤቶች በ26 ስታንዳርዶች ተመዝነው ከአራት ደረጃዎች በአንዱ ይመደባሉ። ከመቶ ከ50 በታች ያገኘ ደረጃ አንድ፣ ከ50 እስከ 70 ያለው ደረጃ ሁለት፣ ከ70 እስከ 90 ያለው ደረጃ ሦስት፣ ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ አራት ሲሆን፣ ስታንዳርዱን አሟልቷል የሚባለው ከደረጃ ሦስት ጀምሮ ነው። በአገራችን አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች በደረጃ አንድና ሁለት ውስጥ ሆነው እያስተማሩ ስለሆነ፣ የመዘጋቱ ሥጋት እንቅልፍ አይንሣችሁ።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ አስቀድመው የግብረ መልስ ሪፖርቱን ቅጂ ከርዕሰ መምህሩ ይጠይቁና ነጥቡ የት እንደ ወደቀ ይመልከቱ። ምዘናው ግብዓት (ትምህርት ቤቱ ያለው ነገር)፣ ሂደት (የመማር ማስተማሩ ሥራ) እና ውጤት (ተማሪው የደረሰበት) በሚባሉ ሦስት ክፍሎች የተከፈለ ሲሆን፣ ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 ከመቶ ይይዛል። አጥሩ የሚገባው በግብዓት ውስጥ ነው፤ እዚያም ቢሆን ከመማሪያ ክፍሉ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ፣ ከውኃው፣ ከመጻሕፍቱና ከመምህራኑ የሥልጠና ደረጃ ጋር ተጋርቶ ነው። የወላጁን ጥሪት በሙሉ በድንጋይ ላይ ብታፈስሱት፣ በሚቀጥለው ምዘና ያው ደረጃ ተመልሶ እንዳይመጣባችሁ እፈራለሁ። ከብት እየገባ የሚያስቸግር ከሆነ በእንጨትና በእሾህ፣ በደቦ ሁለት ቅዳሜ ብትወጡ ይበቃል።

ትልቁን ነገር የማየው ንባቡ ላይ ነው። አንድ ቀን ሦስተኛ ክፍል ገብቼ አንዲት ልጅ የአማርኛ መጽሐፏን እንድታነብልኝ ጠየቅሁ። ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች አንድም ሳታደናቅፍ አነበበች። ገጹን ገልብጬ ገና ወዳልተማሩት ምዕራፍ ስወስዳት ግን ጣቷ በመጀመሪያው ቃል ላይ ቆመ፤ ከዚያ በፊት ያለውን ሁሉ በጆሮዋ ነበር የያዘችው። መምህሯ ሰነፍ አልነበሩም፤ ከስድሳ በላይ ልጆች ይዘው ማን እንደሚያነብና ማን እንደሚከተል ለመለየት ፋታ አልነበራቸውም። የእኛ የቄስ ትምህርት ቤት ይህን ችግር ከጥንት ያውቀዋል፤ ልጁ ‹‹ሀ ሁ ሂ››ን በዜማ ከወጣ በኋላ ፊደሉን በሌላ ቅደም ተከተል በ‹‹አቡጊዳ›› የሚያስቆጥሩት፣ በዓይኑ ይለየው እንደ ሆነ ለማወቅ ነው። በትምህርት ቤታችሁም መምህራኑ በየወሩ እያንዳንዱን የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጅ አይቶት በማያውቀው አጭር ምንባብ ለየብቻ ቢፈትኑት፣ ያቃታቸውን ለይቶ ለማገዝ ያስችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጊዜ፣ ወረቀትና ጥቂት የተረት መጻሕፍት ነው። ገንዘባችሁን ከሁሉ አስቀድሜ የማውለው እዚህ ላይ ነበር።

ሌላው የወላጅ ድርሻ ስም መጥሪያው ላይ ይታያል። ጤፍ በሚታጨድበትና በሚወቃበት ሰሞን የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ልጆች ለሳምንታት ይጠፋሉ፤ ሲመለሱ ክፍሉ የሒሳቡን ክፍልፋይ ጨርሶ ይጠብቃቸዋል። ሥራው እንደሚያስገድድ አውቃለሁ፤ እኔም ያደግሁት ከብት እየጠበቅሁ ነው። ሆኖም ኅብረቱ ልጅ ተራ በተራ እንዲለቀቅ፣ የቀረውም ቅዳሜ ጠዋት በማካካሻ ትምህርት እንዲያዝ ከመምህራኑ ጋር ቢስማማ፣ ይህ በእጃችሁ ያለ ነገር ነው። ከገንዘቡ የሚተርፍ ካለ የልጃገረዶችን መጸዳጃ ለብቻ ለይታችሁ፣ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ አድርጋችሁ ሥሩበት፤ ከፍ ያሉት ልጃገረዶች በየወሩ የሚቀሩባቸው ቀናት ይቀንሳሉ።

ከፍሎ ከተማ ለመላክ የሚያስበውን ወላጅ አልነቅፈውም፤ ለልጁ አስቦ ነው። ነገር ግን የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጅ በዘመድ ቤት አድሮ የሚማረው ከቤት ሥራ የሚተርፈውን ሰዓት መሆኑን ስላየሁ፣ ቢያንስ እስከ ስድስተኛ ክፍል ከወላጁ ሥር ሆኖ ቢማር እመርጣለሁ።

ኢንስፔክተሩ የመዘነውን የሚያግዘው ሌላ ሰው መሆኑንም አይዘንጉ፤ የጉድኝት ማዕከላችሁ፣ ማለትም እናንተንና አጎራባች ትምህርት ቤቶችን በአንድ ያሰባሰበው ማዕከል፣ ሱፐርቫይዘር ክፍል ውስጥ ገብቶ መምህራኑን የመደገፍ ኃላፊነት አለበት። በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወላጁን ሰብስቡ፤ ርዕሰ መምህሩና ሱፐርቫይዘሩም ይገኙ። ሪፖርቱ በአማርኛ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ከአንድ የሦስተኛ ክፍል መጽሐፍም ገና ያልተደረሰበት ገጽ ተከፍቶ፣ ፈቃደኛ የሆኑ ጥቂት ልጆች በየወላጆቻቸው ጎን ተቀምጠው በቀስታ ያንብቡ። መዋጮው ስንት ይሁን፣ ለምንስ ይዋል የሚለውን ከዚያ በኋላ ተነጋገሩበት።