የዲቲ ሞተር ለምትገጣጥመው ወንድሜ፦ ጣርማ በርን ከመውረድህ በፊት ይህን አንብብ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «የያማሃ ዲቲ 125 ሻንሲ አለኝ፣ የዲቲ 175 ሞተር ልገዛ ነው፣ የቀረውን ከቦክሰርና ከቻይና ሞተር አውጥቼ ደብረ ብርሃን ላይ ብገጣጥመው ይሆናል ወይ? ሊብሬውስ?» ነው ያልከው። ይሆናል። እኔ በ2012 ዓ.ም. ገጣጥሜዋለሁ፣ ዛሬም ከደብረ ብርሃን ሞላሌ የምመላለሰው በእሱ ነው። ግን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ሁለት ፒስተን፣ አንድ ካሚቻ (ፒስተኑ የሚመላለስበት ሲሊንደር) እና ሦስት ወር ከስሬያለሁ። አንተ እንዳትደግመው ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው። የብየዳውንና የብሎኑን ነገር ታውቃለህ ብዬ አልፌዋለሁ።

1. ገንዘቡን ከመቁጠርህ በፊት በቀኝ በኩል፣ ፍሪሲዮኑ ያለበት ሽፋን ላይ፣ የዘይት ፓምፑ መኖሩን በዓይንህ እይ። ዲቲ ቱ ስትሮክ ነው (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ገብቶ አብሮ የሚቃጠል ሞተር)፤ ዘይቱን ግን ለብቻው ይይዛል፤ ፓምፑ በሞተሩ ዙር እየተገፋና ከጋዝ ሽቦው ጋር እየተከፈተ መጠኑን ራሱ ያስተካክላል። እኔ የተወገደ ንብረት ጨረታ ላይ በ14 ሺህ ብር ያነሳሁት ሞተር ፓምፑ ተነቅሎ ቀዳዳው በቆርቆሮ ተደፍኖ ነበር። ሜካኒኩ «እንዲያውም ተገላገልክ፣ ዘይቱን ቤንዚኑ ላይ ቀላቅለህ መንዳት ነው» አለኝ። አመንኩት። የኪሳራዬ ሁሉ ምንጭ ይህች ዓረፍተ ነገር ናት፤ እመለስባታለሁ።

2. ሞተሩ መጋዘን ውስጥ ዓመታት ከተኛ የክራንኩ ፓራኦሊዮዎች (አየርና ዘይት እንዳያልፍ የሚያሽጉት የጎማ ቀለበቶች) ደርቀዋል ብለህ ተነሳ። ቱ ስትሮክ ላይ ቤንዚኑና አየሩ መጀመሪያ የሚገቡት ክራንኩ ወዳለበት ሆድ ነው። በማግኔቱ በኩል ያለው ፓራኦሊዮ አየር ካስገባ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ፒስተኑ ይበላል። በፍሪሲዮን በኩል ያለው ከለቀቀ ደግሞ የካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ዘይት እየሳበ ነጭ ጭስ ይተፋል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ የማርሚታውንና የካርቡራቶሩን አፍ በአሮጌ የጎማ ላስቲክ ድፈን፣ በካንዴላው ቀዳዳ በብስክሌት መንፊያ ቀስ አድርገህ ንፋ (ከግማሽ ባር በታች፣ አለዚያ ራስህ ታስለቅቀዋለህ)፣ ከዚያ የሳሙና ውኃ ቀባበት። አረፋ ከሠራ አትግዛ፣ ወይም የፓራኦሊዮውን ዋጋ ቀንሰህ ግዛ።

3. ፍሬን። የኋላ ጎማዬን ከአሮጌ ቦክሰር ነው ያወጣሁት፣ የፊቱን ከዲቲው ራሱ፤ ሁለቱም ጫማቸው ያለቀ ነበር። ካቴናው 428 ስለሆነ ከጥርሱ ጋር ሰምሮልኝ ደስ ብሎኝ ነበር (520 ካቴና ካለህ አብሮ አይሄድም፣ የጥርሶቹ ርቀት ይለያል)። ለፍሬኑ ግን «በኋላ እቀይረዋለሁ» አልኩ። እዚህ ላይ ተራ ቁጥሩን ልተወውና የሆነውን በሙሉ ልንገርህ።

ጥር ነው፣ የአጎቴ ልጅ ሠርግ ሸዋ ሮቢት ላይ ነው። በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ዘይት ለክቼ ቀላቀልኩ፣ ለ5 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 25 ለ1። ያውም የቱ ስትሮክ ዘይት፣ የመኪና ዘይት አይደለም። ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማ በር ሞተሩ እንከን አልነበረውም። ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ ወጥቼ ቁልቁለቱን ስጀምር ከልጅነቴ የሰማሁት ነገር ትዝ አለኝ። አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ «ጣርማ በርን በማርሽ ውረድ፣ ፍሬንህን አታቃጥል» ይል ነበር። እውነቱን ነው። የእኔም ፍሬን የሚያስተማምን ስላልነበረ ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ፣ ጋዙን ሙሉ ለሙሉ ዘጋሁ፣ ሞተሩ እንዲይዘኝ ለቀቅኩት። እየጮኸ ያዘኝ።

ደብረ ሲና ልገባ ትንሽ ሲቀረኝ የኋላ ጎማው ባንዴ ክርር ብሎ ቆመ። እጄ ሳላስበው ፍሪሲዮን ስለያዘ ነው የተረፍኩት። ከመንገዱ ጠርዝ ሁለት ክንድ ያህል ቀርቶኝ ቆምኩ። ከታች ያለውን ገደል ታውቀዋለህ።

ምን ሆነ መሰለህ? ዘይቱ ቤንዚኑ ውስጥ ነው ያለው። ጋዝ ስትዘጋ የሚገባው ቤንዚን እጅግ ትንሽ ነው፤ ቤንዚኑ ካነሰ ዘይቱም ያንሳል። ቁልቁለቱ ግን ጎማውን እየገፋ ሞተሩን በከፍተኛ ዙር ያሽከረክረዋል። ፒስተኑ ያን ሁሉ መንገድ የወረደው ደረቅ ካሚቻ እየፋቀ ነው። የመኪና ሞተር ዘይቱ ከታች ስላለ የአባቴ ምክር ለመኪና ልክ ነው፤ ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ለተቀላቀለ ቱ ስትሮክ ግን ገዳይ ነው። ፓምፑ ቢኖር ኖሮ ጋዝ ብዘጋም ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ትንሽ ትንሽ ዘይት ይሰጠው ነበር። ሜካኒኩ ይህን ቢያውቅ ኖሮ አንድ አረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር።

የተነከሰውን (ፒስተኑ ካሚቻው ላይ የተጣበቀውን) ሞተር አይሱዙ ላይ ጭኜ መለስኩት። ከዚያ አንድ ጋራዥ ገባሁ፣ የት እንደሆነ አልናገርም። ሬክቲፊካ አደረጉት (ካሚቻውን አሰፉት)፣ አዲስ ፒስተን ገባ፣ 60 ኪሎ ሜትር ሳልሄድ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ተሰበረና ካሚቻውን ከላይ እስከ ታች ጫረው። ስንከፍተው ሁለት ጥፋት አገኘሁ። አንደኛ፣ ፋሻዎቹን እንደ መኪና አፋቸውን አዟዙረው ነው የገጠሙት። በቱ ስትሮክ ፒስተን ላይ ለእያንዳንዱ ፋሻ ትንሽ ፒን አለች፤ የፋሻው አፍ እሷ ላይ ካልተቀመጠ ካሚቻው ላይ ያሉት መስኮቶች (ድብልቁና ጭሱ የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች) ይይዙትና ይሰብሩታል። ሁለተኛ፣ ካሰፉት በኋላ የመስኮቶቹን ጠርዝ አላለዘቡትም፣ እንደ ምላጭ ተትቶ ነበር። ስነግራቸው «አንተ ልታስተምረን ነው?» ብለው ከግቢ አስወጡኝ። ገንዘቤንም አልመለሱም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፒስተን ራሴ ነው የምገጥመው፦ ቀስቱ ወደ ማርሚታ፣ የፋሻው አፍ ፒኗ ላይ፣ የፒስተን ፒኑ መያዣ ሽቦ ሁልጊዜ አዲስ። እስከ ዛሬ አንድም አልተሰበረብኝም።

ፓምፑን አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ፣ በሦስተኛው ጉዞዬ ነው ያገኘሁት፣ ሽፋኑም አብሮት። ስትገጥመው መስመሩ ውስጥ ያለውን አየር ሳታስወጣ አታስነሳው። መጀመሪያ የምትሞላው ቤንዚን ላይ ትንሽ ዘይት ቀላቅልበት፣ ፓምፑ መስጠቱን እስክታረጋግጥ። ጋዝ ዘግተህ ረጅም ቁልቁለት ስትወርድ ደግሞ፣ ፓምፕ ቢኖርህም፣ በየጊዜው ፍሪሲዮን ይዘህ ጋዝ ስጠው። የፍሬን ጫማውን ከሁሉ በፊት ቀይር። ቱ ስትሮክ ላይ ሞተሩ ፍሬንህ አይደለም።

የካርቡራቶሩ ነገር ደግሞ የአገራችን የራሱ ጣጣ ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ። ላይ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ሞተሩ ትንሽ ቤንዚን ይበቃዋል፤ አንተ ደብረ ብርሃን ላይ ጥሩ እስኪሄድ ጀቱን (ቤንዚኑን የሚመጥነውን ባለ ቀዳዳ ብሎን) ታሳንሳለህ፣ ቆላ ስትወርድ አየሩ ይወፍርና ያው ጀት ያንሰዋል፤ እንደገና ይነክሳል። እኔ ሁለተኛ ጊዜ ስወርድ ሸዋ ሮቢት ላይ ካንዴላውን ባወጣው ነጭ ሆኖ አገኘሁት፤ ቡናማ ነው መሆን ያለበት። ሁለት ቁጥር ከፍ ያለ ጀት ኪሴ ስለነበረ ተረፍኩ። ለቆላው አስተካክለህ ደጋ ላይ ትንሽ ቢያጨስብህና ቢከብደው ይሻልሃል። ማርሚታውን የራሱን ፈልግ፤ የቦክሰር ማርሚታ በይጄበት ጣርማ በርን ሲወጣ ጉልበቱ ግማሽ ሆነብኝ፣ የቱ ስትሮክ ማርሚታ ቅርጹ ራሱ ሥራ አለውና።

ሊብሬው። ሻንሲው በሊብሬ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ይስማማል፣ የሞተር ቁጥሩ አይስማማም። አንድ ቢሮ አራት ጊዜ ተመላለስኩ። የመጀመሪያው ቀን ባለሙያው ወረቀቴን ሳያነበው ወደ እኔ ገፍቶ «ይሄ ቁርጥራጭ ነው፣ ለቆራሌው ሽጠው» አለኝ፣ ወረፋ ላይ በቆሙ ሰዎች ፊት። ሁለተኛው ቀን ስብሰባ፣ ሦስተኛው ቀን «ማኅተሙ አይታይም»። አራተኛው ቀን ሌላ ሴት ተቀምጣ ነበር፣ ያለምንም ጭቅጭቅ የሚያስፈልገውን ነገረችኝ፦ ሞተሩን የገዛሁበት የጨረታ ደረሰኝ የሞተር ቁጥሩ ተጽፎበት፣ የሽያጭ ውሉ፣ ቁጥሩ እንዳልተነካካ የሚያሳይ ምርመራ። እነዚህ ስለነበሩኝ አለቀልኝ። የእኔ ጨረታ ስለሆነ ቀለለኝ እንጂ ከግለሰብ ስትገዛ ውል ያለ ማስረጃ አትፈራረም። የሞተር ቁጥሩን ደግሞ አታስፍቅ፣ አታስመታ፣ በያጁም እዚያ አካባቢ እሳት እንዳያስነካው ቆመህ ጠብቅ። ሻጩ ውል አልፈርምም ካለህ ሞተሩ ቢያምርህም ትተህ ሂድ።

አሁን የኔዋ ሞላሌ ገበያ ስትቆም ልጆች ከበው «ይሄ ምን ዓይነት ሞተር ነው?» ይላሉ። ባለፈው ክረምት ከደብረ ሲና ሰው ከኋላ ጭኜ፣ 25 ኪሎ ጤፍ ከፊት አድርጌ ጣርማ በርን ወጥታልኛለች፣ አንድ ጊዜም አላቃሰተችም።

ሞተሩን ገና ካልከፈልክበት የቀኝ ሽፋኑን ፎቶ አንሥተህ እዚሁ ለጥፍልኝ። ፓምፑ ካለ ከሽቦው አገጣጠም ጀምሬ እመራሃለሁ፤ ከሌለ ቢያንስ ስንት ብር መቀነስ እንዳለበት እነግርሃለሁ።