የአያት ጠመንጃ ስንት ያወጣል? ለጅማ ልጆች

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጅማ ላይ ከቡና ዋጋ ቀጥሎ የሚበዛብኝ ጥያቄ ይሄ ነው። "ጋሼ፣ የአያቴ ጠመንጃ ስንት ያወጣል?" ዕድሜዬን በጦር መሣሪያ ጥገና ስለጨረስኩ ሰው ለምን ወደ እኔ እንደሚመጣ ይገባኛል። ፈረንጅ አራዳ ቡና ይዤ ከተቀመጥኩ አንዱ መጥቶ ስልኩን ይዘረጋልኛል። ፎቶው ብዥ ያለ ነው፣ ጠመንጃው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ዋጋው ግን ደላላ ዘንድ ተቆርጦ አድሯል። አሜሪካ ሆነው በሕጋዊ መንገድ የድሮ የጦር ሠራዊት ጠመንጃ የሚሰበስቡ ልጆችም አሉ፤ እነሱ በቴሌግራም ይልካሉ። ለሁላችሁም አንድ ላይ ልጻፍና ልረፍ።

የሕጉን ነገር አስቀድመን እንጨርስ። በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም መሸጥንም ይከለክላል። አያትህ የተወልህ ጠመንጃ ወረቀት ከሌለው ስለ ዋጋ ከማውራትህ በፊት ፖሊስ ዘንድ ሄደህ ጠይቅ። "ማታ መጥቼ በካሽ እወስደዋለሁ" ከሚልህ ሰው ጋር ደግሞ ሻይም አትጠጣ። ዋጋ ማወቅ ሌላ፣ መሸጥ ሌላ ነው። ለውርስ ክፍፍልም፣ ለሙዚየም ለመስጠትም፣ ውጭ አገር በሕግ ለሚገዛም ግምት ያስፈልጋል። የምጽፈው ለዚያ ነው።

መጀመሪያ የያዝከው ምን እንደሆነ እወቅ። እኛ አገር ያልገባ ጠመንጃ የለም ማለት ይቻላል። በዓድዋ ዘመን የነበረው ውጅግራ አለ፤ አንድ ጥይት ጎርሶ፣ ተኩሶ፣ እንደገና የሚጎርስ። ከጣሊያን ወረራ በፊት ከቤልጂግ የተገዛው ማውዘር አለ፣ ዘውድ የጫነ አንበሳ የታተመበት ከሆነ እጅህን ቀስ አድርግ። ጣሊያን በ1933 ሲወጣ የቀረው ካርካኖ አለ። እንግሊዝ ይዞት የመጣው ሊ ኤንፊልድ፣ በጃንሆይ ጊዜ ከአሜሪካ የመጣው ኤም ዋን፣ ከ1970 ገደማ ጀምሮ ደግሞ የሶቪየቱ። ሁሉንም "ምንሽር" ብሎ መጥራት የሰፈር ልማድ ነው፤ ዋጋ ላይ ሲደረስ ግን አይሠራም።

ከዚያ ውስጡን እይ። ጥይት አለመጉረሱን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ፣ "አረጋግጫለሁ" ያለህንም ሰው አትመነው። ጥይቱን የሚያጎርሰውን መቀርቀሪያ አውጣ። በኋላ በኩል ነጭ ወረቀት ያዝና በአፈሙዙ በኩል ወደ ውስጥ ተመልከት፤ ወረቀቱ ብርሃን ይመልስልሃል። የምትፈልገው አረሩን እያሽከረከረ የሚያስወጣውን ጠመዝማዛ መስመር ነው። ጥቁር ከሆነ ቶሎ አትፍረድ። መጋዘን የኖረ ጠመንጃ በግራሶ ተሞልቶ ነው የሚወጣ፤ ጠርገህ እንደገና እይ። መስመሩ ስል ሆኖ ትንሽ ብጉር ብጉር ያለበት ጠመንጃ፣ እንደ መስታወት አብርቶ መስመሩ ከጠፋበት በብዙ ይሻላል። ይህንን ስነግራቸው ብዙዎች አያምኑኝም፣ ምክንያቱም የሚያበራው ያምራል።

አፈሙዙ ጫፍ ላይ ትንሽ ቆይ። ወታደር በብረት ዘንግ እየወለወለ የሚጨርሰው እሱን ነው። ባሩዱና መለኮሻው የወጣለት፣ ልኩ የሆነ ባዶ ጥይት በአረሩ በኩል አፈሙዙ ላይ አስገባ። ቀለሁ ጋ ሳይደርስ ከቆመ ደህና ነው። እስከ ቀለሁ አፍ ድረስ ሰተት ብሎ ከገባ ጫፉ ተበልቷል፣ ዋጋውም አብሮ ወርዷል። በነገራችን ላይ ሩሲያዎቹ የራሳቸውን የድሮ ጠመንጃ፣ የሞሲን ናጋንትን፣ የተበላ ጫፍ ከውስጥ በመሰርሰሪያ አስፍተው ያድሱት ነበር። እንዲህ የታደሰ ጠመንጃ ደህና ይተኩሳል፣ ሰብሳቢ ግን ዋጋ ይቀንስበታል።

የጅማ ሰው ለብቻው የሚያውቀው ጠላት ዝገት ነው። ብዙ የድሮ የጦር ሠራዊት ጥይት መለኮሻው ጨው ይተዋል፣ ጨው እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት ደግሞ እኛ ጋ ሞልቷል። ጨው በዘይት አይወጣም፣ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ደርቆ ነው ዘይት የሚቀባው። አያቶቻችን ይህንን አድርገዋል አላደረጉም የሚታወቀው እንጨቱ ሲነሳ ነው። ከላይ ንጹህ የሚመስል ብረት፣ እንጨቱ ከሸፈነው ወሰን በታች በዝገት ተቦድቡዶ ታገኘዋለህ። ሻጩ "እንጨቱን መፍታት አይቻልም" ካለህ ምን እንደሚደብቅ አስብ።

ቁጥር። መቀርቀሪያው፣ የብረቱ አካልና አንዳንዴም እንጨቱ ላይ ተከታታይ ቁጥር አለ። ከፋብሪካ እንደወጣ አንድ ዓይነት ከሆነ ዋጋው ይዘላል። ሶቪየቶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲያድሱ የተለያየ ዕቃ ገጣጥመው ቁጥሩን እንደገና ጽፈውታል፤ ስለዚህ ቁጥሩ መግጠሙን ብቻ ሳይሆን የአጻጻፉን እጅ እይ። የሌላ ጠመንጃ መቀርቀሪያ የገባበት ከሆነ ጉዳዩ ከገንዘብም ያልፋል። ቀለሁ የሚያርፍበት ክፍተት ከልኩ ከሰፋ ቀለሁ ሊፈነዳ ይችላል፣ በመለኪያ ሳይታይ አይተኮስም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር። ልጁ ጠመንጃውን ሊያሳየኝ ሲል አስቀድሞ "ያሳምረዋል"። እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፣ ቫርኒሽ ይቀባዋል፣ ብረቱን ነጭ እስኪሆን ይወለውለዋል። ፋብሪካው እንጨቱ ላይ የመታው ማኅተም በዚያ ወረቀት ይጠፋል፣ የብረቱ ጥቁር ቀለምም አይመለስም። አያቱ የተሰበረ ሰደፍ በእርጥብ ቆዳ ጠፍረው ያደረቁበትን ጥገና ሳይቀር ቆርጠው የጣሉ አይቻለሁ! ያ ቆዳ ጠመንጃው የት እንደኖረ የሚናገር ነበር። ቆሻሻውን በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፣ ስስ ዘይት ቀባ፣ ከዚያ እጅህን ሰብስብ። ሻጭም ሆንክ ገዢ፣ በአዲስ ቫርኒሽ ያበራ አሮጌ ጠመንጃ ካየህ ዋጋውን ወደ ታች ጀምር።

ዋጋ ሲባል የተጠራበት ሳይሆን የተሸጠበት ነው። ኢንተርኔት ላይ አንዱ 2,000 ዶላር ብሎ ስለለጠፈ የአንተም 2,000 ነው ማለት አይደለም፤ ያለቁ ጨረታዎችን እይ። ከአገራችን የወጡ ብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች ባለፉት ዓመታት አሜሪካ ተሸጠዋል፣ ያለበትን ሁኔታ በደንብ አይታችሁ አወዳድሩ። እዚያ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እስከ 1898 የተሠራ ጠመንጃ በፌዴራል ሕግ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይቆጠራል፣ ውጅግራ ከቤልጂጉ ማውዘር በተለየ ሕግ የሚሄደው ለዚያ ነው። የአቅርቦቱንም ነገር አትርሱ። ሞሲን ናጋንት የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ እዚያ ከ100 ዶላር በታች በሳጥን ይሸጥ ነበር። ክምችቱ ሲያልቅና ማስገባቱ ሲከለከል ያው ብረት ብዙ መቶ ዶላር ገባ። ጠመንጃው አልተሻሻለም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ሙሉና ያልተነካ ተመሳሳዩ በስንት እንደተሸጠ ያዝ፣ ከዚያ የጎደለውን ቀንስ። መወልወያ ዘንጉ፣ ማንገቻው፣ የካርካኖ ከሆነ ስድስት ጥይት የሚይዘው ቅንጥቡ፤ ትንሽ ይመስላሉ፣ ለብቻ ሲፈለጉ ግን ኪስ ያራቁታሉ። "ንጉሡ የሸለሙት ነው" የሚለው ታሪክ የተጻፈ ነገር ከሌለው ዜሮ ጻፍለት።

በርቀት የምትገዙት ሦስት ፎቶ ጠይቁ፦ አፈሙዙን ከፊት፣ ቁጥሮቹን ከቅርብ፣ እንጨቱ ተነስቶ ከሥር ያለውን ብረት። ሻጩ "ጊዜ የለኝም" ካለ ያልታየውን ሁሉ እንደተበላሸ ቆጥራችሁ ዋጋ ንገሩት። ካልተስማማ ይተወው።