ኮርቲዞል በምራቅ ወይስ በደም?

እህቴ፣ ፊትሽ አብጦ ሆድሽ ስለገፋ ኮርቲዞል የሚባለውን ሆርሞን ተለኪ ተብለሽ «በምራቅ ይሻላል በደም?» ብለሽ ጠይቀሻል። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ሁለቱንም አሠርቻለሁ።

መጀመሪያ የሰጠሁት የጠዋት ደም ነበር። ከፍ ብሎ መጣ። ሦስት ቀን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሌላ ሐኪም ጋ ስሄድ ግን ገና ከመቀመጤ «የወሊድ መከላከያ ኪኒን ትወስጃለሽ?» አለኝ። እወስድ ነበር። ኤስትሮጅን ያለበት ኪኒን በደም ውስጥ ኮርቲዞልን የሚሸከመውን ፕሮቲን ያበዛዋል፤ ኩሺንግ የሚባለው፣ ኮርቲዞል ከልክ በላይ የሚበዛበት በሽታ ሳይኖር ቁጥሩ ይጨምራል። ምራቅ ውስጥ የሚገኘው ከፕሮቲኑ ጋር ያልተያያዘው ነፃው ኮርቲዞል ስለሆነ ኪኒኑ ያን ያህል አያዛባውም።

ደግሞ ጠዋት የጤነኛ ሰውም ኮርቲዞል ከፍ ይላል። እኩለ ሌሊት ላይ ነው የሚወርደው። ኩሺንግ ያለበት ሰው ላይ ግን እንደሚገባው አይወርድም። ምራቁ ማታ የሚወሰደው ለዚህ ነው። የሌሊት ተረኛ ከሆንሽ ግን አይሆንሽም።

ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ፣ ምግብ ሳልቀምስ፣ ጥርሴን ሳልቦርሽ፣ ለምራቁ የተሰጠችኝን ጥጥ ሁለት ደቂቃ ያህል አኝኬ ቱቦዋ ውስጥ ከተትኳት። በማግስቱም ደገምኩ። ፍሪጅ አሳድሬ፣ በበረዶ ጠቅልዬ አዲስ አበባ ወሰድኩት። ዓባይ በረሃን ስንወርድ ሙቀቱ እንዳያበላሸው በየደቂቃው እዳስሰው ነበር። የሁለቱም ምሽት ውጤት ደህና ሆነ።

ሐኪሙ ለማረጋገጥ ኪኒኑን 6 ሳምንት አስቁሞ የዴክሳሜታዞን ምርመራ አዘዘ። ዴክሳሜታዞን እንደ ኮርቲዞል የሚሠራ፣ ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ ጤነኛ ሰው ሲውጠው የራሱ ኮርቲዞል ይወርዳል። ማታ 5 ሰዓት 1 ሚሊግራም ትውጪያለሽ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ደም ትሰጫለሽ። ኮርቲዞሉ ከ1.8 ማይክሮግራም በዴሲሊትር በታች ከወረደ ጥሩ ነው። ሰዓቱን አደራ! የኔ ወረቀት ላይ «8:00» ይላል። የፈረንጅ ሰዓት መሆኑን የነገረኝ የለም፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ሄድኩ። ልፋቴ ሁሉ ከንቱ ቀረ፣ እንደ አዲስ ዋጥኩ። በሁለተኛው ውጤቱ ወረደልኝ፣ እፎይ አልኩ።

ስለዚህ ምራቁ ከራቀሽ አትጨነቂ፤ በሰዓቱ የተሠራ የዴክሳሜታዞን ምርመራም ይበቃሻል። በአንድ የጠዋት ደም ብቻ «አለብሽ» ወይም «የለብሽም» ቢሉሽ ግን አትቀበይ።

ከሁሉ በፊት የምትወስጂውን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሪው። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድ፣ ለመወፈር ተብሎ የሚዋጥ ዴክሳሜታዞን፣ ፊት ለማቅላት የሚቀባ ስቴሮይድ ያለበት ክሬም፣ እነዚህ ራሳቸው ያንን ፊትና ሆድ ያመጣሉ። የክሬሙን ቱቦም የመድኃኒቱን ሳጥንም ይዘሽ ሂጂ። ፈርተሽ በአንድ ጊዜ እንዳታቋርጪ ግን፤ ለወራት ስቴሮይድ የለመደ ሰውነት በድንገት ሲከለከል ሕይወት እስከ ማሳጣት ይደርሳል።