አባዬ ከጅብ ጋር ሲታገል

እህቴ፣ «የ67 ዓመቱ አባቴ ሌሊት በእንቅልፉ እየጮኸ ይማታል፤ ዘመድ ሁሉ ቡዳ ነው ይላል፤ የት ልውሰደው?» ያልሽውን ሳነብ የኛን ቤት ያየሽ መሰለኝ።

አባዬን ሲጀምረው 63 ዓመቱ ነበር። እዚህ ቨርጂኒያ አብሮን ነው የሚኖረው። አንድ ሌሊት የእማዬ ጩኸት ቀሰቀሰን። ስንገባ ዓይኗ ሥር አብጧል። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ግራ ገብቶታል። «ጅቡ በረት ሊገባ ሲል መታሁት» አለ። ዕድሜ ልኩን እጁን አንስቶባት አያውቅም። እማዬ ለጎረቤት «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» አለች።

እኛም ጸበል አስጠመቅነው። ጸበሉን አሁንም አልተውንም። ሐኪም ጋ ለመሄድ አራት ዓመት መፍጀታችን ግን ይቆጨኛል።

የነርቭ ሐኪሟ እንዲህ አስረዳችን። ህልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎል ጡንቻችንን ይቆልፈዋል። በህልማችን ስንሮጥ አድረን ከአልጋችን የማንወርደው ለዚያ ነው። ቁልፉ ሲላላ ሰው ህልሙን በእጅ በእግሩ ይሠራዋል። ይህን በሽታ እ.ኤ.አ. በ1986 የገለጹት የሚኒሶታዎቹ ሼንክ እና ማሆዋልድ ናቸው። ታማሚዎቹን ለዓመታት ሲከታተሉ ብዙዎቹን ፓርኪንሰን (እጅ የሚያንቀጠቅጥ፣ እንቅስቃሴን የሚያዘገይ የአንጎል በሽታ) ያዛቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ፣ 1,280 ታማሚዎችን ያካተተ ጥናት ደግሞ በ12 ዓመት ውስጥ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ፓርኪንሰን ወይም የሱ ዘመድ የሆነ የመርሳት በሽታ እንደሚይዛቸው አሳይቷል።

ከላይ አስተያየት የሰጠ አንድ ወንድም «እንቅልፍ ማጣት ነው የመርሳት በሽታ የሚያመጣው» ብሏል። እሱም መሠረት አለው። 8,000 የሚጠጉ የእንግሊዝ የመንግሥት ሠራተኞች ለ25 ዓመት ተጠንተው፣ ከ50 ዓመታቸው ጀምሮ ዘወትር ስድስት ሰዓት ወይም ከዚያ በታች የሚተኙት የመርሳት በሽታ ስጋታቸው 30 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የአባትሽ ነገር ግን የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል። በሽታው ቀድሞ ገብቶ እንቅልፉን እየበጠበጠው ይሆናል።

ሌላም ምልክት አለ፤ እኛ ዘንድ ያለፈን እሱ ነው። አባዬ ቡና እየተቆላ፣ ጭሱ ቤቱን ሞልቶት፣ «ዛሬ ቡና የለም እንዴ?» ይል ነበር። እየሳቅን አለፍነው። ሽታ መጥፋቱ፣ ተልባ የማይፈታው የሆድ ድርቀት፣ የእጅ ጽሑፉ ፊደል እያነሰ መሄዱ፣ እነዚህን አባትሽ ላይ እያቸው።

ደግሞ በሌሊት የጮኸ ሁሉ ፓርኪንሰን አለበት ማለት አይደለም። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ይህንኑ ያመጣሉ። ከባድ ማንኮራፋትና ትንፋሽ መቆራረጥም ያስመስላል። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘሽ ሂጂ። በስልክሽ ቪዲዮ ቅረጪ፤ አባዬ «ውሸታችሁን ነው» ሲል የነበረው ቪዲዮውን እስኪያይ ነው። ቁርጡን የሚለየው ሽቦ ተለጣጥፎ የሚታደርበት የእንቅልፍ ምርመራ ነው።

መድኃኒቱ ሜላቶኒን ወይም ክሎናዜፓም ነው። ሁለተኛውን ከፋርማሲ በራስሽ እንዳትገዢ፤ ሽማግሌን ያንገዳግዳል። ሌሊቱን ያረጋጋሉ እንጂ የሚመጣውን አያስቆሙም። አባዬን ከሦስት ዓመት በኋላ ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረው። ይከታተሉት ስለነበር ሕክምናው ወዲያው ተጀመረለት።

ዛሬውኑ ግን ከአልጋው አጠገብ ብርጭቆ፣ መብራት፣ ስለት ያለው ነገር አንሺ። ፍራሹን ዝቅ አድርጊው። እናትሽም ለብቻ ይተኙ። እማዬ «ከ40 ዓመት በኋላ ልታፋቱን ነው?» ብላ አኩርፋን ነበር። አሁን ክፍሉ አንድ፣ አልጋው ሁለት ነው።